ሙርጆ ሲተኛ
ራይና ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ የማታንቀላፋበት ቀን አልነበረም። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ሎም ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው መንገዳችን የምንኖር ሰዎች ለምደነዋል፤ መውረጃዋ ሲደርስ ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል። ይቅርታ ጠይቃ፣ ዘንቢሏን ይዛ ትወርዳለች። የሕፃናት መዋያ ምግብ አብሳይ ናት። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ድንች ትልጣለች፣ ባቄላ ትጥዳለች፣ ከቀትር በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ድካሙ ግን የድንቹ አልነበረም። ባሏ ካሜን የወደብ ክሬን ሠራተኛ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ በቅሎበት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚጥል በሽታ ይጥለው ጀመር፤ የሚጥለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፉ ነበር። አልጋው ሲጢጥ ካለ ራይና ተነስታለች። በጎኑ ታስተኛዋለች፣ አፉን ትጠርጋለች፣ ነፍሱ እስክትመለስ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሲሞት ሁላችንም፣ ቢያንስ አሁን ትተኛለች አልን። አልተኛችም።

ካሜን ትቶት የሄደ ሙርጆ የሚባል ጥቁር የአደን ውሻ ነበር። አርጅቷል፣ ከአደን ከወጣ ቆይቷል። ራይና ከሥራ መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል እሱም እታች ምንጣፉ ላይ ይጋደማል። ገና ዓይኗ ሲከደን የውሻው እግሮች መሮጥ ይጀምራሉ። ከንፈሩ ይርገፈገፋል፣ በጉሮሮው ውስጥ እንደ ቡችላ እዬ እዬ ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ራይና ከሶፋው ዘላ ትወርድና ትወዘውዘዋለች። ውሻው ደንግጦ ይነሳል፣ ያያታል፣ ተሽከርክሮ መልሶ ይተኛል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያው ነው። እሷም አልተኛች፣ እሱም አልተኛ።

ከላይ ፎቅ የካሜን ታላቅ ወንድም ሜቶዲ ይኖራል። ዕድሜውን የጭነት ጀልባ ሲዘውር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ያላገባ፣ አፉ የማይታሰር ሰው ነው።

«በሕልሙ ጥንቸል ሊይዝ ትንሽ ሲቀረው ሄደሽ ትቀሰቅሺዋለሽ» አላት አንድ ቀን። «እኔ ብሆን ነክሼሽ ነበር።»

«ካሜንም ሲጀምረው እንዲህ ነበር፣ ጋሼ።»

ሜቶዲ ወደ ፎቁ ወጣ።

ቀልዱ ግን እውነት ሆነ። በኅዳር ወር አንድ ከሰዓት፣ ሙርጆ ሲንፈራገጥ ሁለት እጆቿን ሰድዳ አፉን ያዘችው። ከእንቅልፉ ሳይነቃ መዳፏን ነከሳት። ሲነቃ ያደረገውን ዐውቆ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሜቶዲ ቁስሉን ሲያይ፣ ዘንድሮ አንቺን ነው፣ ከርሞ የጎረቤት ልጅ ይሆናል፣ ገጠር ወስደን እንሰረው አላት። እሷ ግን የታሸገ እጇን ይዛ ውሻውን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ኔዳ የምትባል ወጣት ናት። ውሻውን ከጆሮው እስከ ጅራቱ መረመረችው፣ ደሙን አየች፣ ከዚያ ራይናን አስቀምጣ ብዙ ጠየቀቻት። የሚያልም ውሻ ሰውነቱ ልል ነው አለቻት፤ እግሩ ትንሽ ይሮጣል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይሮጣል፤ ራቅ ብለው በስሙ ሲጠሩት ይነቃል፣ ሲነቃም ሰውን ያውቃል። የሚጥለው ውሻ ግን ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ መላ አካሉ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ቢጠሩት አይሰማም። አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱን ይለቃል፣ ከተነሳ በኋላም ቤቱ ይጠፋበታል። በሁለቱም ቢሆን እጅ ወደ አፉ አይሄድም። ከተጠራጠሩ በስልክ መቅረጽ ነው፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ሳይዘገዩ ማምጣት።

«ተኝቼ ቢያመልጠኝስ?» አለች ራይና።

«እስካሁን የነገሩኝ ሕልም ይመስላል» አለች ሐኪሟ። «እሱ ይተኛ። እርስዎም ይተኙ።»

በማግሥቱ ባቄላ ጥዳ ጋደም አለች። ሙርጆ መሮጥ ጀመረ። እጆቿን ጭኗ ሥር ቀብራ፣ ከሶፋው ሳትወርድ «ሙርጆ» አለች። አንድ ጆሮው ቆመ። ዓይኑን ገለጠ፣ አያት፣ በጅራቱ ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ ተመልሶ ተኛ። እሷም ተኛች። ሜቶዲ ያረረው ባቄላ ሸትቶት ሲወርድ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ምድጃውን አጠፋ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ሳይቀሰቅሳት ወጣ።

የብርዱ ወራት እንዲህ አለፉ። በጸደይ አንድ እሑድ ጧት፣ ራይናና ሜቶዲ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ መስኮቱ ሥር የተኛው ሙርጆ አንገቱ ወደ ኋላ ተገተረ።

«ተይው፣ እያለመ ነው» አለ ሜቶዲ።

ራይና ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ዓይኖቹ ተገልጠዋል፣ ግን አያዩም። አራቱም እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«ይሄ ሕልም አይደለም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

ወንበሮቹን ከአጠገቡ አራቀች። ሜቶዲን ሰዓት እንዲያይና በስልኩ እንዲቀርጽ አዘዘችው። እሷ ሳትነካው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጠበቀች። ብዙ ሳይቆይ ለቀቀው። ከሥሩ ሽንት ፈሰሰ። ተነሳና ከግድግዳ ጋር ተጋጨ፣ እሷን እንደ ባዕድ አሸተታት፣ ከዚያ የሰጠችውን ዳቦ ሳያኝክ ዋጠ።

ሜቶዲ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ በታመመባቸው ዓመታት ዳኑብ ላይ፣ ጀልባው ውስጥ ነበር። አንድም ቀን አላየም።

«ካሜንም እንዲህ ነበር የሚያደርገው?»

«እንዲህ ነበር።»

«ሁልጊዜ ብቻሽን?»

«ማን ነበረ፣ ጋሼ?» አለችና ጨርቅ ልታመጣ ተነሳች። ጨርቁን ከእጇ ወስዶ ወለሉን እሱ ወለወለ።

ሐኪሟ የተቀረጸውን አይታ ጧትና ማታ የሚዋጥ ክኒን አዘዘች። ነገሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አሁን ራይና ከሥራ ስትገባ ሜቶዲ ጋዜጣውን ይዞ ይወርድና መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ውሻው ጆሮውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀሰቅሳት ነበር አሉ። እሷ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ድንቹም አልቀነሰላትም።

ባለፈው ሳምንት ቃሪያና ቲማቲም በማሰሮ ይዤላቸው ሄድኩ። ሜቶዲ በሩን ከፍቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ምንጣፉ ላይ የሙርጆ እግሮች ይሮጣሉ። ሜቶዲ ዝግ ብሎ ጠራው፤ ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ ከደነ።

«ምንድን ነው?» አለች ራይና፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ እንዳለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሕልም ነው። ተኚ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «አንቺም ማሰሮውን አስቀምጪና ሂጂ» አለኝ።