አባቴ ያልወሰደው የጌታ እራት

በልጅነቴ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ከገበያው ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ ረፋድ ላይ እንደ ምድጃ ትግል ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ በአባቴና በእናቴ መካከል ተጣብቄ፣ ከእናቴ ነጠላ የሚመጣውን የሳሙና ሽታ እየማግኩ፣ የጌታ እራት እስኪታደል እጠብቃለሁ። እኛ ልጆች ባንወስድም ትንንሾቹ ብርጭቆዎች ሰሃኑ ላይ ሲጋጩ መስማት ደስ ይለን ነበር።

አንድ እሁድ ሰሃኑ አባቴ ጋ ሲደርስ፣ ሳይወስድ ለእናቴ አቀበላት። እናቴ ዞር ብላ አየችው። እሱ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

ቤት ስንገባ እናቴ "ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"ከዘለቀ ጋር ሳልነጋገር እንዴት እወስዳለሁ?"

ዘለቀ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ፣ ዶርዜ የሚኖር ሸማኔ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አያታችን ሲሞት በተወው የእንሰት ማሳ ተጣልተው፣ ከአንዱ ፋሲካ እስከ ሌላው ቃል አልተለዋወጡም ነበር። አባቴ በሁለቱም ፈረቃ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ወባ ጥሎት ገና መነሳቱ ነው። እናቴ "ትንሽ አገግምና ትሄዳለህ" ብትለው፣ "ድካሙማ መቼም አይጠፋ" ብሎ በሳምንቱ ቅዳሜ እኔን አስከትሎ ወጣ።

ከአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረን ተራራውን ስንወጣ የከተማችን ሐይቅ ከታች እያነሰ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ሄደ። አባቴ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝና ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዶርዜ ስንደርስ ጉም ወርዶ የቀርከሃ ቤቶቹ ጫፍ እንኳ አይታይም። የአጎቴ ሚስት ወጥታ ሳመችን፤ አጎቴ ግን ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ አልተነሳም። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ከውጭ ይሰማናል። አባቴ ደጃፉ ላይ ከወደቀ እርጥብ ግንድ ላይ ተቀመጠ። አልለመነም፣ ጥቅስም አልጠቀሰም። "እንሂድ" ልለው አሰብኩና ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ብዙ ቆይቶ መወርወሪያው ዝም አለ። አጎቴ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ቆላው እንዲህ አከሳህ?" አለው በጋሞኛ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። "ግባ እንጂ! ልጅቷን በብርድ ልትገድላት ነው?"

እሳቱ ዳር ቆጮ በሚያቃጥል የዳጣ በርበሬ በላን። ስለ ማሳው አነሱ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ደግሞ በረደ። መኪና እንዳያመልጠን ስንነሳ አጎቴ ከመንደሩ መውጫ ድረስ የአባቴን ክንድ ይዞ ሸኘን።

ቁልቁል ስንወርድ "ተስማማችሁ አባዬ?" አልኩት።

"አልተስማማንም። ማሳውን ሽማግሌ ያየዋል" አለኝ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ግን ታርቀናል።"

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብከት ሰምቼ ረስቻለሁ፤ ይሄ ግን አብሮኝ አለ። አባቴ ለሚቀጥለው የጌታ እራት እጁን ዘረጋ። ማሳው ደግሞ ሁለቱም እስኪያረጁ ድረስ ሲያከራክራቸው ኖረ፤ እየተከራከሩም አብረው ይበሉ ነበር።

ዛሬ እኔም እንደ እሱ አስተማሪ ነኝ። ማታ ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም ያንሰኛል። ታናሽ እህቴ አስቴር እዚሁ ከተማ፣ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ትኖራለች፤ በባጃጅ ምንም ያህል አይርቅም። አልተጣላንም። አንዳችን ስንደክም ሌላችን ስንቸኩል እንዲሁ ተራራቅን እንጂ። ለበዓል በስልክ መልእክት እንላላካለን፤ በቃ። በቀደም ግን በድንገት ናፈቀችኝና ደወልኩላት።

"ማን ሞተ?" አለችኝ፣ ገና ስታነሳው።

"ማንም አልሞተም፣ አስቱ" አልኳት። "ናፍቀሽኝ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።"