ሻማ ሩቅ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የሻማዋን ነገር ንገሪን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ነገሩ ለራሴም ዛሬ ድረስ ግራ ያጋባኛል፣ ቢዘበራረቅባችሁ አትፍረዱብኝ።

ያኔ ዙሉዎች አገር፣ ጀርሚስተን ከተማ፣ አንዲት ነጭ አሮጊት ግቢ ውስጥ የጓሮዋን ክፍል ተከራይተን ነበር። ልጄ ዳቬይተን ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቋ ትውላለች፣ እኔ ከአሮጊቷ ጋር እውላለሁ። ሰፈሩ «ጎጎ» ይላታል፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። ለካ እኔንም ጎጎ ይሉኛል! አንዱ ከበር «ጎጎ!» ሲል ሁለታችንም እንመልሳለን፣ ማንን እንደፈለገ ሳናውቅ። እሷ አማርኛ የላት፣ እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፤ ግን እንግባባለን። ወይም የምንግባባ ይመስለኝ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ስጮህ እየሰማች «ሻማ»ን ለምዳለች። «ነይ»ን እና «እሺ»ንም።

መስኮቷ ላይ፣ በሸክላ የአበባ መትከያ፣ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ነበራት። ሻይዋን ሳትቀምስ እሱን ታጠጣለች። ልጄን ባስጠይቃት «ከእናቴ አገር የመጣ ነው፣ ከአየርላንድ» አለች። እኔ ሳየው እኛ አገር ላም የሚግጠው ሣር ነው። ለዚህ ባሕር ይሻገራል እንዴ? ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም።

በመጋቢት አንድ ቀን ልጄ ልትወጣ ስትል «ዛሬ የጎጎ አገር በዓል ነው፤ የወንድሟ ልጅ መጥታ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳታለች፣ አልብሻት» አለችኝ። እግሯን ያማት ስለነበር ብቻዋን ከወንበር አትነሳም። አረንጓዴ ቀሚሷን አለበስኳት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ዝናቡ ወረደ፣ መብራቱም ሄደ። ሻማ ለኩሼ አጠገቧ አቆምኩ።

«ሻምሮክ» አለች።

እንዴት ደስ አለኝ! አማርኛ ተናገረችልኝ፦ ሻማ ሩቅ። እሺ ብዬ ጠረጴዛው ጫፍ አራቅሁላት።

«ኖ፣ ኖ! ሻምሮክ!»

ኮሪደሩ ድረስ ወሰድኩት። ይባስ ብላ ደረቷን በእጇ ትመታ ጀመር። ጭሱ ደረቷን አፍኗት ነው ብዬ እፍ አልኩት። በድንግዝግዙ ውስጥ ተፋጠን ቀረን። ውጪ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ፣ መጥተውላታል፤ እሷ ግን እንባዋ ይወርዳል፣ አልነሳም አለች።

ግራ ሲገባኝ ለልጄ ደወልኩና ስልኩን ለጎጎ ሰጠኋት። አውርተው ሲጨርሱ ተቀበልኳት።

«እማዬ፣ የምን ሻማ? ሣሩን ነው!»

«የቱን ሣር?»

«መስኮቱ ላይ ያለውን። ስሙ ሻምሮክ ነው። ደረቷ ላይ ካላደረገችው በዛሬው ቀን ከቤት አልወጣም ትላለች።»

«ሣር፣ ደረት ላይ?»

«አንቺስ ለእንቁጣጣሽ ሣር ትጎዘጉዢ የለ? ቁረጪና ስጫት!»

ቆርጬ በመርፌ ቁልፍ ቀሚሷ ላይ አያያዝኩላት። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየነካች «ፋዘር፣ ሰን» ስትል ይኼማ ገባኝ፤ «ሥላሴ!» ብዬ አማተብኩ። እሷም አማተበች። «እሺ፣ ነይ» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ የወንድሟ ልጅ ደግፋት ወጡ።

ጎጎ ስታርፍ መትከያው ለእኔ ተረፈ። ሻይ ሳልቀምስ አጠጣዋለሁ፤ ሰው ሲመጣ «ከእናቷ አገር የመጣ ነው» እያልኩ አሳያለሁ።

ከስንት ዓመት በኋላ የወንድሟ ልጅ ልትጠይቀን መጣች። ሣሩን ስታይ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጄ አስተረጎመችልኝ። ከአየርላንድ የመጣው ሣር፣ ጎጎ ገና ልጅ ሳለች፣ ውርጭ መትቶት ደርቋል። ይኼኛውን ጎጎና እናቷ ሆነው የነቀሉት እዚሁ ጀርሚስተን፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ነው።