ውሻው ይበላል ወይ?

ባለቤቴ ወደ ደቡብ ሱዳን የሄደው በበጋ፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው በሚታይበት ጊዜ ነው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ መጥቶ እዚህ ጋምቤላ ያደገ ሰው ነው፤ እናቱ ግን ከዓመታት በፊት ተመልሳ ድንበር ማዶ ትኖር ነበር። ታማለች ተብሎ ተደወለለት። በማግስቱ ጠዋት በኢታንግ በኩል የሚያልፍ መኪና አገኘ።

«ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር» አለኝ ቦርሳውን እያነገተ። «ውሻውን አደራ።»

«እኔንስ ለማን አደራ ሰጠህ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊገባ ነበር።

ልጅ የለንም። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ እንደ ተማሪዎቼ እኔም ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት። እሱ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ በአስተርጓሚነት ይሠራ ነበር። ውሻውንም ያገኘው እዚያ መንገድ ዳር ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣው። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ደስ ስለማይለኝ ነገሩን ሁሉ ለእሱ ተውኩለት። ከሥራ ሲመለስ በጥቁር ፌስታል የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ጓሮ ከሰል አያይዞ ይቀቅላል፣ ከዚያ ሁለቱ እዚያው ቁጭ ይላሉ። ምን እንደሚያበላው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

እሱ ከሄደ በኋላ እኔ የተረፈኝን ሰጠሁት። ሽሮ በእንጀራ፣ ሩዝ፣ በሻይ የራሰ ዳቦ። መጀመሪያ እያሸተተ ይተወው ነበር፤ ቆይቶ ጥቂት ጥቂት ይልስ ጀመር። ወሩ ሳይሞላ ጎድኑ ይቆጠር ነበር። የጀርባው ፀጉር እየረገፈ ግድግዳ ሥር ተኝቶ የግቢውን በር ያያል።

«አዝኖ ነው» አለችኝ ጎረቤቴ በአጥር በኩል። «ጌታው ሲለየው ውሻ እንዲህ ይሆናል።»

አመንኳት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌ ነበር። አንዱ ወር ሁለት ሆኗል፤ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ አሥር ቀን ይጠፋል። ከሥራ መልስ በርጩማዬን አውጥቼ ውሻው አጠገብ እቀመጣለሁ። እሱ በሩን ያያል፤ እኔም አያለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ እንደ እኔ የሚጠብቅ ሌላ ፍጥረት መኖሩ ያጽናናኝ ነበር። «ይመጣል» እለዋለሁ። ጆሮውን ብቻ ያነሳል።

መስመር ሲገኝ ባለቤቴ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው።

«ውሻው ይበላል ወይ?»

«ይበላል።»

«አንቺስ?»

«እኔም እበላለሁ። እናትህስ?»

«ያው ናት» ይላል። ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ግብዣ ነበር። ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ ተቀምጧል። «ወንድማችን መቼ ይመለሳል?» ይሉኛል፤ «በቅርብ» እላለሁ። ጥያቄውን ሽሽት ተነስቼ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሳህኖቹ ላይ የዶሮ አጥንት ከነወጡ ተርፏል። በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። ሽታው ገና ከበር ሲደርሰው ውሻው ተነስቶ ቆመ። ጅራቱን ሲያወዛውዝ ካየሁ ቆይቼ ነበር። አንዲት አጥንት ሳያስቀር በላ፤ እኔም ሲበላ እያየሁ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጓሮው ሁሉ ትውከት ሆኖ አገኘሁት። ውሻው ወገቡን አጉብጦ ያምጣል፤ ጠብ የሚለው ጥቂት ነገርም ደም ነበረበት። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወጣሁና ባጃጅ አስቆምኩ።

«ውሻ አልጭንም» አለ ሹፌሩ።

«የባለቤቴ ነው» አልኩት። ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሰውየው ፊቴን አየና ወንበሩ ላይ ጆንያ አነጠፈልን።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ የመቲ ሰው ነበር። የውሻውን ሆድ ዳበሰ፣ ድዱን ገልጦ አየ፣ ፀጉሩን በጣቶቹ ከፈል ከፈል አደረገ።

«ምን በላ፣ ቲቸር?»

«የዶሮ አጥንት። ከነወጡ።»

«የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃል፤ አንጀት ይወጋል። ሽንኩርቱ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ነው የሚጎዳው። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር የምታበይው?»

ነገርኩት። ጌታው ስለሄደ በሐዘን መክሳቱንም አስረዳሁት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ይህ ውሻ አላዘነም» አለ። «ርቦታል። ሆዱም ትል ሞልቶታል። ሽሮና ዳቦ ብቻ የሚበላ ውሻ፣ ጌታው ኖረም አልኖረም እንዲህ ነው የሚሆነው።»

በክፋት አልነበረም፤ ድምፁም ለስላሳ ነው። እኔ ግን የውሻውን እግር እንደያዝኩ ፊቴ ጋለ። ሁለት ወር ሙሉ አብሮኝ የሚያዝን መስሎኝ አጠገቡ ስቀመጥ፣ እሱ የሚጠብቀው የሚበላ ነገር ኖሯል። ለካ ብቻዬን ነበርኩ።

መርፌ ወጋው፤ የትል መድኃኒትም ሰጠኝ። ሦስት ቀን በዚያው ባጃጅ ተመላለስን። ውሻው ራሱን ችሎ መቆም ሲጀምር ሐኪሙ «በይ ጻፊ» አለኝ፤ የትምህርት ዕቅዴ ደብተር ጀርባ ላይ እንደ ተማሪ ጻፍኩ። ግማሹ ሥጋ ወይም ዓሣ ይሁን፤ አጥንትና እሾህ አይኑርበት። የቀረው የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ፣ ዱባ ተጨምሮበት። እንቁላል በሳምንት ሁለቴ፣ ጉበት አንዴ። ሳንባ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ግን በደንብ ካልተቀቀለ የትል ምንጭ ይሆናል። ሽንኩርትም በርበሬም ጨውም አይግባበት።

«በከረጢት የሚሸጠው የውሻ ምግብ አይሻለውም?» አልኩት። አዲስ አበባ እንዳለ ሰምቼ ነበር።

«ባሮ አጠገብ ተቀምጠሽ?» አለና ሳቀ።

ከሁሉ የከበደኝ ገበያው ነው። ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ሄጄ እሾህ የማይበዛበት አምባዛ ጠየቅሁ። ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሳላስብ እውነቱን ነገርኳት።

«ለውሻ?» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «የእህቴ ልጆች ካምፕ ውስጥ በቆሎ ብቻ ነው የሚበሉት። አንቺ ለውሻ አምባዛ?»

እውነቷን ነው። አንገቴን ደፍቼ ልሄድ ስል ጠራችኝ።

«ቆይ እስቲ። የማን ውሻ ነው?»

«የባለቤቴ። እናቱ ታማበት ማዶ ሄዷል።»

«መቼ ይመጣል?»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ «በቅርብ» ማለት አቃተኝ። «አላውቅም» አልኳት።

ዓሣ ስትበልት የቀራትን የጭራ ቁራጭና የሆድ ሥጋ ሰብስባ በፌስታል አደረገችልኝ። «ይኼን ማንም አይገዛኝም። ማክሰኞና ዓርብ ነይ። እሾሁን ግን ራስሽ ልቀሚ።»

ለቀምኩ። ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ ሥጋውን በጣቶቼ እያሸሁ እሾህ መፈለግ ሥራዬ ሆነ። ደብተር ሳርም ስህተት የሚያመልጠኝን ያህል እሾህ አያመልጠኝም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የውሻው ጀርባ እንደገና ፀጉር አበቀለ።

አንድ ከሰዓት ለእሱ ዱባና አምባዛ አቅርቤለት፣ ለራሴ እንደልማዴ ዳቦ በሻይ ይዤ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፍቶኝ ነበር። ከቀናት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ናፍቆት ጎዳሽ» ብላኛለች። ዳቦዬን አየሁት። ባለቤቴ ከሄደ ጀምሮ ለራሴ የረባ ምግብ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ ሐኪሙ ውሻውን አያቆመውም ያለውን ምግብ እኔ ስንት ወር በልቼዋለሁ። ተነስቼ ከዚያው ድስት ለራሴ ቀዳሁ፤ ጨው ነስንሼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሲያልቅ ሁለተኛ ቀዳሁ። ብቸኝነቱ አልተነቃነቀም፤ ጉልበቴ ግን ተመለሰ።

ክረምቱ ሲገባ ባለቤቴ ደወለ። ያን ቀን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

«ውሻው ይበላል ወይ?»

«አሁን ይበላል። ያን ጊዜ ግን ዋሽቼህ ነበር» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ አጥንቱን፣ ደሙን፣ ሐኪሙን።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ?»

«አለሁ» አለ። «እኔም ዋሽቼሻለሁ። እናቴ የሞተችው በደረስኩ በሳምንቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ና ትይኛለሽ። የሟቹ ወንድሜ ሦስት ልጆች እናቴ ዘንድ ነበሩ። አሁን ማንም የላቸውም። ጥያቸው መምጣት አልቻልኩም፤ ይዣቸው እንዳልመጣም ወረቀት የላቸውም።»

ና አላልኩትም። «ጌታ ያጽናህ» አልኩት። ወራት ላለፈው ሐዘን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ስልኩን ስዘጋ የተቆጣሁት በእሱ ይሁን በሞተችው አማቴ ወይም አይቻቸው በማላውቃቸው ልጆች መለየት አቅቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ልጆቹን ጎረቤት ዘንድ ትቶ ለአሥር ቀን መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። ውሻው አየውና እየጮኸ ዘሎ ደረቱ ላይ ወጣ፣ በደስታም ጫማው ላይ ሸና። ምግቡን ባለቤቴ ሲያቀርብለት ግን አልበላም፤ ወደ እኔ እያየ ቆመ። ባለቤቴ ሳህኑን አንስቶ ሰጠኝ። እኔ ሳስቀምጠው በላ። በአሥረኛው ቀን ባለቤቴ ተመልሶ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ «አንድ ወር» አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ክረምት መጥቷል። ባለቤቴ ሲደውል የልጆቹ ወረቀት እየተጠየቀ ነው ይለኛል። ሐኪሙ ጡረታ ወጥቶ መቲ ገብቷል፤ በእሱ ቦታ የተተካችው ሐኪም የውሻው የኋላ ጥርሶች መበላሸት ስለጀመሩ ምግቡን አድቅቄ እንድሰጠው ነግራኛለች። ባሮ በመሙላቱ በዚህ ሰሞን ዓሣ ጠፍቷል፤ ሳንባ ነው የምቀቅልለት። ሳንባ ድስት ውስጥ እየተንሳፈፈ ያስቸግራል፤ በጭልፋ ወደ ታች ይዤ እስኪበስል መቆም አለብኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሌላ ምንም አይሰማም። ውሻው ደጃፉ ላይ ተኝቶ ድስቱን ያያል።