የያሲን ቱቦዎች

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ላይ፣ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው እዚህ ሥራ ከያዘች ልጄ ጋር ነው። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል። ሰመራን የማያውቅ ሰው ነፋስ ሲነሳ የሚቀዘቅዝለት ይመስለዋል፤ እኛ ግን ነፋስ ሲነሳ ፊታችንን በፎጣ እንሸፍናለን።

አጠገቤ ወጣት መምህራን ተቀምጠው በስልክ ሙዚቃ ያዳምጣሉ። ጊታር አለው፣ ከበሮ አለው፤ መሀል ላይ ዋሽንት የመሰለ ነገር ገብቶ ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» ይሉታል። ክርክር ይዘዋል፤ ጊታርና ከበሮ አይቆጠርም፣ ከቀሩት ብዙም ከማይሰሙት መሣሪያዎች የምትወዱት የቱ ነው እየተባባሉ። አንዱ ፍሉቱን አለ። ሌላው ቫዮሊን። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ደግሞ፣ ውስጡ የቴፕ ክር የተገጠመለት፣ ሲነኩት ሰው በብዛት የሚያዜም የሚመስል አሮጌ ኪቦርድ ነው የምወደው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በፈገግታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ?»

«ቱቦ» አልኳት።

«የውሃ ቱቦ?»

«የመስኖ ቱቦ።»

ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

በደርግ ዘመን አዋሽ ሰባት ነበርን። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። ያሲን ደግሞ በባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ሻይ ቤት ያላቸው የእትዬ ዘሀራ ልጅ ነው። እትዬ ዘሀራ ከወሎ በድርቅ ምክንያት የወጡ፣ ባላቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ ሴት ነበሩ። ከያሲን ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሻያቸው ቅርንፉድ የበዛበት ነው፤ ሳምቡሳቸው ምስሩ ላይ ቃሪያ በዝቶበት ዓይን ያስለቅሳል። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ መንገደኛው ሐብሐብ ሻጮቹን አልፎ ወደ እሳቸው ይሮጥ ነበር።

ከደንበኞቻቸው አንዱ ጋሽ ታደሰ የሚባል ትኬት ቆራጭ ነበር። እስከ ጅቡቲ ይመላለሳል። ከጅቡቲ ሰው ሽቶና ጨርቅ ሲያመጣ፣ እሱ ለያሲን ካሴት ያመጣለታል። ዘፈኖቹ የፈረንጅ ናቸው። አንዱ ዘፈን ብቻውን የካሴቱን አንድ ገጽ ይጨርሳል፤ ዘፋኙ እስኪጀምር ሻይ ፈልቶ ይጠጣል። ስሙን ስለማናውቅ «ረጅሙ ሙዚቃ» እንለው ነበር። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ድምፅ ከምን እንደሚወጣ እንኳ አናውቅም። «ይኼ በገና ነው» እለዋለሁ። «በገናማ አይደለም፣ ብረት ነው» ይለኛል። ያኔ እንደነዚያ መምህራን ስልክ ነክቶ ማወቅ የለም። ጆሯችንን ከቴፑ ላይ ለጥፈን ስንገምት እንውላለን፤ መገመቱ ራሱ ደስታ ነበር።

አንድ ቀን ከካሴቱ ውስጥ የወጣችው ትንሽ ወረቀት ላይ ፎቶ አገኘን። አንድ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ፈረንጅ፣ ከላይ ወደ ታች በተንጠለጠሉ የብረት ቱቦዎች ፊት መዶሻ ይዞ ቆሟል። ከረጅሙ እስከ አጭሩ በተራ ነው የተሰቀሉት። ያሲን ወረቀቷን እያገላበጠ አያት።

«ደሬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይኼ እኮ ቱቦ ነው። ቱቦ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል።»

እውነቱን ነበር። ያኔ ያሲን በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ በቀን ሠራተኛነት ይሠራ ነበር። ከጋራዡ ጀርባ የተጣመመና የተቀደደ የብረት የመስኖ ቱቦ ተከምሮ ፀሐይ ይመታዋል። የጋራዡን ኃላፊ ጠየቀው። ሰውዬው «ውሰድ፣ ቆሻሻ ነው፣ እባብ ማደሪያ ሆኗል» አለው። ያሲን ደጉን ደጉን መርጦ በአህያ ጋሪ አመጣው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማው መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። እኔ በቀበሌው ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። አኮርዲዮኑን እትዬ ዘሀራ ጓሮ አምጥቼ አንድ ድምፅ እይዛለሁ፤ ያሲን ቱቦውን በሴጌቶ ይቆርጣል፣ በገመድ አንጠልጥሎ ይመታል፣ ያዳምጣል። ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። እስኪገጥም ድረስ ጫፉን በሞረድ ይፍቃል። ከመጠን በላይ ከፋቀ ያ ቱቦ ሄደ፣ ሌላ መጀመር ነው። መዶሻውን ከግራር እንጨት ሠርቶ ጎማ ጠቀለለበት። ቱቦዎቹን በሙሉ ከእንጨት ፍሬም ላይ በቃጫ ገመድ ሰቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመታቸው፣ እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ወጥተው እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ቆሙ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ይኼ ሁሉ ከቆሻሻ?»

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ንጉሤ ይባላል። ያሲን በኪነቱ ውስጥ እንዲገባ ለምኜው እሺ አለ፤ በዓል እየደረሰ ስለነበር አዲስ ነገር ይፈልግ ነበር። እንግዶች ከአውራጃ ይመጣሉ። ሰልፉና ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ መፈክሩ ያለበት መዝሙር ከመጀመሩ በፊት፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ እንድንጫወት ተፈቀደልን።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። እኔ ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ያሲን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ረጅሙን ቱቦ ሲመታ ድምፁ ወለሉን አልፎ እግሬ ውስጥ ገባ። በመስኮት በኩል ለገበያ የመጡ አፋሮች ቆመው ያዩናል። የጅቡቲውን ካሴት አልገለበጥንም፤ ከእሱ የተማርነው መቸኮል እንደሌለብን ብቻ ነው። አንዱ ቱቦ ድምፁን እስኪጨርስ ያሲን ሌላውን አይነካም ነበር። ስንጨርስ ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሙሉ ካኪ የለበሰ ሰው፣ ወደ መድረኩ መጣ። የያሲንን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ጎበዝ! የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ቱቦውን ከየት አመጣኸው?»

ያሲን ፊቱ በደስታ እንደበራ ነው። «ከእርሻው ነው፣ ጓድ። ከቁርጥራጩ።»

ከኋላ ተቀምጦ የነበረው የእርሻው አስተዳዳሪ ተነሳ። ሲነሳ ወንበሩ ወለሉን ሲፍቅ የሰማሁት ይመስለኛል፤ ወይም ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሳስበው የጨመርኩት ሊሆን ይችላል። «ከግቢ እንዲወጣ የፈቀድኩት ንብረት የለም» አለ። የጋራዡ ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። ያሲንን ቀና ብሎ ሳያየው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ተናገረ። ያሲን ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ወሰዱት።

ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከቀበሌው እስር ቤት በር ላይ እትዬ ዘሀራ ምሳ ይዘው ይውላሉ፤ ሻይ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ጓድ ንጉሤ ቢሮ ገባሁ።

«ያሲን ካልተፈታ አኮርዲዮኑን አልነካም» አልኩት።

አልተቆጣም። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «አኮርዲዮን ለመዝሙሩ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንተ ትጫወታለህ። ቱቦ ግን ለምን ያስፈልገናል?»

አባቴ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ክንዴን ይዞ እየጎተተ አወጣኝና መንገድ ላይ በሹክሹክታ «ተው ልጄ፣ የአንዲት እናት ለቅሶ ይበቃል» አለኝ። አባቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በኋላ ወሬ መጣ። ያሲን በፈቃዱ ከዘመተ ክሱ ይዘጋል። እትዬ ዘሀራ የትኛውን እንደሚመኙ አላወቁም። እስር ቤት ይሻላል ያላቸው ነበር፣ ከእስር ቤት የሚወጣ አለና። ከአሻጥር ክስ የሚወጣ የለም ያላቸውም ነበር። ያሲን ራሱ ወሰነ። «እማ፣ ወታደር ደሞዝ አለው፣ ፈቃድ አለው፤ መጥቼ አይሻለሁ» አላቸው።

የሄዱት በጠዋት ነው። ጭነት መኪናዎቹ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆመዋል፤ ወጣቶቹ እንደ ከብት ቆመው ተጭነዋል። እትዬ ዘሀራ በሶና ተምር በጨርቅ ቋጥረው አቀበሉት። ማልቀስ አልቻሉም፤ «ቢስሚላህ ብለህ ብላ፣ ቢስሚላህ ብለህ ተኛ» ብቻ ይሉታል፣ ደጋግመው። ያሲን ከመኪናው ጎን ጎንበስ አለና ጠራኝ።

«የሦስተኛዋ ቱቦ ድምፅ ትንሽ ወርዶ ነበር። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስመለስ እሞርዳታለሁ።»

መኪናው ተነሳ። አቧራው እስኪበርድ ቆምን።

ቱቦዎቹ ኤግዚቢት ተብለው ጥቂት ጊዜ ቀበሌው ግቢ ተቀመጡ። ከዚያ ለዘበኛው መጠለያ ቋሚ ሆኑ። ወደ እርሻው የመለሳቸው ሰው አልነበረም። እኔ በየበዓሉ ከእነሱ አጠገብ አኮርዲዮን ስጫወት ኖርኩ። ሰዎች ሲያጨበጭቡ እጄ ይሠራል፣ ሌላው አካሌ ሌላ ቦታ ነው።

ያሲን ከሥልጠና በኋላ አሰብ መመደቡ ሲሰማ እትዬ ዘሀራ ሻይ ቤቱን እንደገና ከፈቱ። የአሰብ ሾፌሮች በአዋሽ ያልፋሉና ሰላምታ ያደርሱላቸዋል። «ደህና ነው፣ ጠቁሯል» ይሏቸዋል። ለሾፌሮቹ ሳምቡሳ በነፃ ነበር። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ፈቃድ የሚባለው ግን አልመጣም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። ወታደሩ ከአሰብ በበረሃው በእግሩ እየመጣ ነው ተባለ። ግንቦት ነው፤ ያን አገር በግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ ዘሀራ «በአሰብ መንገድ ሚሌ ድረስ ውሰደኝ» አሉኝ። ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና ተለማምጠን ጋቢና ገባን። ውሃ በጀሪካን፣ ዳቦ በዘንቢል ይዘዋል። ሚሌ ስንደርስ ከመኪናዎቹ ሥር፣ ከምግብ ቤቶቹ ግድግዳ ሥር፣ ጥላ ባለበት ሁሉ ሰው ወድቋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። እትዬ ዘሀራ እያንዳንዱን በጣሳ ውሃ እያጠጡ «ያሲን ሙሐመድን ታውቃለህ፣ ልጄ?» ይላሉ።

ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ የተጋደመ ወታደር ቀና አለ። «የአዋሹ? ጣሳ የሚመታው?»

እትዬ ዘሀራ አጠገቡ ተቀመጡ።

ጓዶቹ ያሲንን የሚያውቁት ያገኘውን ብረት ሁሉ እየመታ ድምፁን የሚሰማ ልጅ ነው ብለው ነው። ከአሰብ አብረው ወጡ። ውሃው አለቀ። መንገዱ ላይ ካለችው መንደር ከሰርዶ ከመድረሳቸው በፊት ያሲን እግሩ አልታዘዝ አለው። ሊሸከሙት ሞከሩ፤ የሚሸከም ጉልበት ያለው አልነበረም። አንዲት ግራር ሥር አስቀመጡት። «ሂዱ አለን» አለ ወታደሩ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ሂዱ አለን፣ ሄድን።»

እትዬ ዘሀራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ማን አጠበው? ማን ሰገደበት?»

ወታደሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጣሳውን ሞልተው ሰጡትና ተነሱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚያ ጥያቄ አልወጡም። የሰፈሩ ሼኽ አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደውን ሰላተል ጋኢብ አሰግደውለታል፣ ሰደቃም ወጥቶለታል። እሳቸው ግን ሻይ እየቀዱ ድንገት ያቆሙና «ጅብ በልቶት ይሆን?» ይሉኝ ነበር። የሞቱት እኔ ሰመራ ሳልመጣ ነው።

ከመምህራኑ ጋር ባወራሁ ማግስት በልጄ መሥሪያ ቤት የሚሠራውን ሾፌር፣ ሁመድን፣ ከሰመራ ብዙ ወደማትርቀው ሰርዶ እንዲያደርሰኝ ለመንኩት። ሁመድ አፋር ነው፤ ለምን እንደምሄድ መንገድ ላይ ነገርኩት። ሰርዶ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰደኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሁመድ በአፋርኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ወደ ምሥራቅ አመለከቱ። ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ጥቁር ድንጋይ ክምር ክምር ሆኖ እስከ ኮረብታው ድረስ ይታያል።

ሁመድ ተረጎመልኝ። «ያን ጊዜ ግመሎቻችንን ውሃ ጭነን ወጣን ይላሉ። በሕይወት የደረስንበትን አጠጣን። ያልደረስንበትን ቀበርን።»

«ሙስሊሞቹን ለይታችኋቸው ነበር?» አልኩ።

ሽማግሌው ጥያቄዬ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምን እንለያለን? ሁሉም አንድ ልብስ ነው የለበሱት። ውሃው ለሕያዋን ስለሚያስፈልግ በማጠብ ፈንታ በአፈር ተየሙም አደረግንላቸው። ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞርን። ሁሉም ላይ ሰገድን።»

ከክምሮቹ መሀል ጥቂት ቆምኩ። የቱ የያሲን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእነዚህ መሀል መሆኑን እንኳ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ፀሐዩ ሲበረታ ሁመድ መጥቶ በቀስታ ክንዴን ያዘኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ በአንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል፤ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ። በሚቀጥለው ወር አዋሽ እወርዳለሁ። እትዬ ዘሀራ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ። ሙታን ይስሙ አይስሙ እኔ አላውቅም። እሳቸው ግን ይሰማሉ ብለው ያምኑ ነበር።