«አቤት» ያልኩበት ስም

የእስር ቤቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት የሰው እግር ነው። ወለሉ ሁሉ እግር ነበር፤ መርገጫ የለም። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው «ና፣ እዚህ ትበቃለህ» አሉኝ። ጀርመን አገር ተምረው የመጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

የታሰርኩት በጻፍኩት ጽሑፍ ነው። መርማሪው ግን ጽሑፌን ትቶ የአባቴን ሙያ ያዘ። «የሸማኔ ልጅ ነው መንግሥት የሚመክረው?» አለኝ። ወሬው ለጥበቃ አለቃው ደረሰና ጠዋት ቆጠራ ላይ ስሜን መጥራት ተወ። «ሸማኔ» ይላል፤ እኔ ዝም እላለሁ። አቤት እስክል ድረስ አባቴ የሚያመጣው ምሳ እንዳይገባ አዘዘ። አቤት ብል አባቴን አብሬ የሰደብኩ መሰለኝ። አባቴ ደግሞ ምሳ ዕቃውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጀርመን ሳሉ ያከራየቻቸው ሴት ቬበር ትባል እንደነበር አጫወቱኝ። ቬበር ሸማኔ ማለት ነው። ድሮ ሰው በሙያው ይጠራ ነበርና ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እያለፈ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ኋላም አይሁዶች የቤተሰብ ስም ያዙ ተብለው ሲታዘዙ ይህንኑ የያዙ አሉ። ዛሬ በየከተማው ቬበር ሞልቷል፤ ሐኪሙም ዳኛውም ቬበር ነው፣ ሲጠሩት የሚያፍር የለም።

«እዚያ ስም ነው ጋሼ፤ እኛ ጋ ስድብ ነው» አልኳቸው።

«ስድብ የሚሆነው ስታፍርበት ነው ልጄ። ያ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት የሚደርበው ጋቢ ከሰማይ ወረደለት?»

በማግስቱ አለቃው ያንኑ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። «ሸማኔ» አለ።

«አቤት!» አልኩ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። አላቆምኩም፤ «የጋቢዎ ድር ሳስቷል አለቃ። አባቴ ምሳ ይዞ ሲመጣ ያይልዎታል» አልኩት።

እስረኛው በሙሉ ሳቀ። አለቃው ሳያስበው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየው፤ ሳቁ ባሰ። አቤት ካለ ይግባለት ብሎ የለ፣ ምሳው ገባ። ሽሮው ቀዝቅዟል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን የለም። ከዚያ ወዲያ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። አሁን ቅር ያለኝ እኔ ሆንኩ።

ዛሬ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። ዜግነት ስወስድ ስም መለወጥ ይቻላል ሲሉኝ የራሴንና የአባቴን ስም እንዳለ ትቼ መጨረሻው ላይ ሸማኔ ጨመርኩበት። «ሶ፣ ላስት ኔምህን ቼንጅ ልታደርግ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ ባለቤቴ። «ሰው መጀመሪያ የለበሰውን ያውልቅና ይናገር» አልኳት። ልጃችን አሁን ትምህርት ቤት የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

የመጋዘኑ ሱፐርቫይዘር የቴክሳስ ልጅ ነው፤ ስሙን ሳነብ ደነገጥኩ፦ ቬበር። እነሱ ዌበር ይሉታል። ትርጉሙን ብጠይቀው አያውቀውም። ነገርኩት፤ የጋሼን ነገርና የአለቃውንም ጨምሬ። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ሲጀመር ስም እየጠራ እኔ ጋ ሲደርስ «ሸማኔ» ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔም በአማርኛ እመልስለታለሁ።

ባለፈው ሰኞ ከመደርደሪያው ማዶ ሆኜ «ቬበር!» ብዬ ጠራሁት።

ቀና ብሎ «አቤት» አለኝ።