የትንሿ አውሮፕላን ማዳመጫ

ጦርነቱ መንገዱን በዘጋው ሰሞን፣ መርሳ ላይ ሬዲዮ ወደምጠግንበት ቤት አንድ ሰው መጣ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ አይሆንልኝም። ሽርጡ ንጹሕ ነው። ከኮቱ ቁልፎች አንዱን በሌላ ቀለም ክር ራሱ የሰፋው ይመስላል። ሊናገር ሲል መጀመሪያ ጠረጴዛዬን በጣቱ ሁለቴ ቀስ አድርጎ ያንኳኳል።

ድሮ የአንበጣ መድኃኒት ትረጭ የነበረች የአንዲት ትንሽ የግል አውሮፕላን አሮጌ ባለማይክ ማዳመጫዎች ነበሩኝ፣ አብራሪዎቹ የሚነጋገሩበት ሳጥንም አብሮ አለ። እነሱን አገላብጦ አየና አንኳኳ።

«የውጩን ጩኸት ዘግቶ የሰው ድምፅ የሚያሰማው የትኛው ነው?»

«ለምን ፈለግኸው ወንድሜ?»

«ለባለቤቴ። ከባድ መሣሪያው ከተተኮሰ ወዲህ ከአልጋ ሥር አልወጣችም። ወላሂ፣ ብጠራት አትሰማኝም፤ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው።»

ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። የጨው ዋጋ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ሳጥኑን ከባትሪ አገናኘሁና ለሙከራ ጩኸት እንዲሆን ጀነሬተሩን አስነሣሁ። አንዱን እሱ አጠለቀ፣ ሌላውን እኔ። የመጀመሪያው ጥንድ ጩኸቱን ያስገባል፤ ተውነው። ሁለተኛውን ስናጠልቅ ጀነሬተሩ የጠፋ መሰለኝ። ሰውዬው ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳ።

«ረሂማ፣ እኔ ነኝ። ነይ ውጪ» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ዝም አልኩ።

ትንሽ ጠበቀኝና ማዳመጫውን አወለቀ።

«እሷም እንዲህ ዝም ነው የምትለው» አለ። «ይሄን ልውሰድ።»