ቫዮሊኑ ይገባበት የነበረው ቦታ

የዳንስ አዳራሹ ዲጄ ቨርና ቀጣዩን ዘፈን ልትለቅ ስትል ሽማግሌው መድረኩ ጫፍ ደርሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እመቤቴ፣ አዲሱ ቅጂ ላይ ቫዮሊኑ አለ ወይስ አወጡት?»

«አባባ፣ እዚህ ሰው የሚመጣው ሊጨፍር ነው! ምነው፣ የተጫወቱት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሽማግሌው ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሩ። የተተኮሰው ነጭ ሸሚዛቸው ብብቱ ላይ በላብ ርሷል።

ቨርና የአንዲትን ዝነኛ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ የድሮ ዜማ በአዲሱ የዳንስ ምት ለቀቀችው። ከበሮው የቴክሳሱን አዳራሽ አናጋው። የተሰለፉት ጨፋሪዎች መሐል ወለሉን በቦቲ ጫማቸው ተረከዝ ሲወቅጡ ጥንዶቹ ዳር ዳሩን ዞሩ። ሽማግሌው የሚያዩት ድምፅ ማጉያውን ብቻ ነበር። የግራ እጃቸው ጣቶች ቀበቶአቸው ላይ የቫዮሊን ክር እንደሚጫኑ ሁሉ ይርገበገባሉ።

ከሁለተኛው አዝማች በኋላ፣ ቫዮሊኑ ይገባበት በነበረው ቦታ፣ የተቀዳ ጭብጨባ ገባ። ጣቶቻቸው ግን አላቆሙም፤ ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት።

ቨርና ጣቶቻቸውን አይታ ስማቸውን ልትጠይቅ ከመድረኩ ስትወርድ ሽማግሌው ወጥተው ነበር። ጨፋሪዎቹ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።